ኮምፒውተር የገባበትን ዕድር ለማየት ፒያሳ ደርሰን መጣን

ከአዲስ አበባ ከተመለስን ወዲህ በጅማው ሰፈሬ በሄርማታ መንገድ ላይ እግሬን ማንሳት አቅቶኛል። አንዱ ከሱቁ ወጥቶ፣ ሌላዋ ከባጃጅ ላይ ሆና "ምን አያችሁ?" ትለኛለች። ለእያንዳንዱ መተረክ ስላልተቻለኝ፣ ፒያሳን ላላዩና ምናልባትም ለማያዩ ጎረቤቶቼ ሁሉንም ከመነሻው ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

የሄድንበትን ምክንያት ጅማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላው አንባቢ እንዲያውቀው ግን ልንገር። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሞተ። ዕድራችን ያለው ደህና ድንኳን አንድ ነው። ሊቀመንበራችን ለአንደኛው ቤት ፈቀዱ፤ የንብረት ኃላፊያችን ደግሞ ይህን ሳይሰማ ለሌላኛው ቤት ፈቀደ። ድንኳኑ ከሁለቱ በአንዱ ደጅ ሲተከል፣ የሌላኛው ቤት ለቀስተኛ በላስቲክ ስር ዝናብ ሲቀጠቅጠው ዋለ። ያ ቤተሰብ ከዕድሩ ወጣ። ዘመዶቹም ሊከተሉት አሰቡ፤ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጭቅጭቅ ሆነ፤ ዕድሩ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው።

እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ በሙያዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። ከአባሎቻችን አንዷ፣ አዲስ አበባ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አባሉንም ንብረቱንም በኮምፒውተር የሚያስተዳድር ዕድር እንዳለ ነገረችን። እኔ ወዲያው "እኛም እናድርገው" አልኩ። ከሁሉ በላይ የተቃወሙኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁ ጡሩንባ ነፊያችን ናቸው፤ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው ሄርማታን ከዳር እስከ ዳር እየዞሩ የሚያሳውቁት እሳቸው ናቸው። ጉባኤው ሲከራከር ውሎ በመጨረሻ ሁለታችንንም ላከን። "ሄዳችሁ እዩት። ተስማምታችሁ ከመጣችሁ እናደርገዋለን፤ ካልተስማማችሁ ነገሩ እዚያው ይቀራል" ተባልን።

ማክሰኞ

መናኸሪያ የደረስኩት በጨለማ ነው፤ ጋሽ ወርቁ ቀድመውኛል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳቦ ቆሎ የቋጠሩበትን ፌስታል ታቅፈው አውቶቡሱ በር ላይ ቆመዋል።

"ፀሐይ፣ መስኮቱን ለእኔ ልቀቂልኝ" አሉኝ። "ዕድሩ እንዲህ ያለ ሽርሽር ዳግመኛ አይልከኝም።"

ለቀቅኩላቸው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን እያለፍን ስንሄድ መንደሩን ሁሉ እያሳዩ ያጫውቱኝ ጀመር። ስለ ኮምፒውተሩ ግን አንድም ቃል አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁ። ወደ ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ የጅማ ሰው የሚችለው ዓይነት አይደለም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ድልድዩን እንደተሻገርን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ተለዋጩን ቢያወርደው እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ በሚያልፍ ሚኒባስ ጎማውን ጭኖ ወደ ወልቂጤ ሲሄድ እኛ ግራር ስር ተቀመጥን። አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት የወልቂጤ ሴት የያዘችውን ሙዝ ለማታውቀው ሰው ሁሉ አዳረሰች። ጋሽ ወርቁም ዳቦ ቆሏቸውን አወጡ። እንዲያ ሆኖ ያ በረሃ የሰርግ ቤት መሰለ፤ ሾፌሩ ሲመለስ ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።

ወልቂጤ ዘግይተን ምሳ በላን። ቆጮ እኛም አገር አለ፤ የወልቂጤው ግን ስስ ነው፤ ክትፎውን ሲጠቀልሉበት አይቆረስም። ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ሰበታን አልፈን አዲስ አበባ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ፒያሳን የማውቀው ለክረምት ኮርስ ስመላለስ ነው። ያኔ ቤቱ በቤት ላይ ተደራርቦ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ነበር የሚያልፈው። አሁን ከታክሲ ስወርድ መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው መሄጃ እንደ ሳሎን ወለል ተነጥፎ፣ መብራቱ በረድፍ ቆሞ አገኘሁት። የማውቃቸው መንደሮች በነበሩበት ቦታ ሣርና አበባ አለ። ለእኛዋ የጅማ ፈረንጅ አራዳ ይህን ዓይነት መብራት ተመኘሁላት። ጋሽ ወርቁ ግን መሃል መንገድ ቆመው ግራና ቀኝ አዩና "ሰዎቹስ?" ብለው ጠየቁኝ።

አልጋ የያዝነው በመጠጥ ቤቶቹ ስሙ በወጣው ውቤ በረሃ ውስጥ ነው፤ በስልክ ስንጠይቅ ለዕድሩ ቤት የቀረበው እሱ ነው ተብለን።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሽ ወርቁ ዐይናቸው ቀልቶ ወጡ። ለካስ ከክፍላቸው ስር መጠጥ ቤት ኖሯል።

"ሙዚቃው አልጋዬን ሲያነሳ ሲጥለው አደረ" አሉኝ። "ስሚ፣ ለዕድር ጉዳይ መጥተው ውቤ በረሃ አደሩ ብለሽ እንዳትጽፊ።"

በኋላ ፈቅደውልኛል።

ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ሽኩር የቧንቧ ዕቃ ሱቃቸውን ገና እየከፈቱ ነበር። ቤተሰባቸው ከሥልጤ ነው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ድልድዩ አጠገብ ነው። እጃችንን ሳይለቁ ሱቁን መልሰው ዘጉና ወደ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ወሰዱን። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚጠጣ ነው፤ ወንበር የለም። እኔ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ጋሽ ወርቁ ረቡዕ ስለሆነ ሻይ። እኛ አገር እንግዳ ቆሞ አይጠጣም፤ እዚህ ግን ቆሞ መጠጣት የፒያሳ ወግ ነው። አቶ ሽኩር "የት አደራችሁ?" ሲሉን ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ሻያቸው ዞሩ። አቶ ሽኩር ገባቸው መሰለኝ፣ ሳቃቸውን አፍነው "ዛሬ እኔ ቤት ነው የሚያድሩት፤ ፀሐይ ደግሞ ጸሐፊያችን ሰብለ ጋ" ብለው ቆረጡ።

የዕድሩ ቤት አንድ ክፍል ነው። በአንድ ወገን ወንበርና ብረት ድስት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሰብለ አሉ። ሰብለ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች፣ ቀልጣፋ፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ የዕድሩ ጸሐፊ ናት። ቀን በአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ለእኛ ስትል ፈቃድ ወስዳለች። የማታ ስትማር የሥራ አመራር መረጃ ሥርዓት የሚባል ትምህርት ወሰደች፤ ለመመረቂያዋ የሠራችውም ይኸው የዕድሩ ሥርዓት ነው።

"ለመሥሪያ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር የማጠናው" አለችን። "ከዚያ ሰፈሩ በልማት ተነሳ። አባሎቻችን አንዳንዱ ከከተማው ዳር አራብሳ፣ አንዳንዱ ገላን፣ ሌላው በየዘመዱ ተበተነ። ሰው ሲሞት የምንሰማው ከተቀበረ በኋላ ሆነ። ዕድሩን እናፍርሰው ወይ የሚል ስብሰባ ተጠራ።"

አቶ ሽኩር ነገሩን ተቀበሏት። "የፈረሰው ቤታችን ነው እንጂ እኛ አይደለንም አልኳቸው። ታዲያ እንዴት እንገናኝ አሉኝ። መልሱን ያመጣችው ይህች ልጅ ናት።"

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተችልን። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንድ አባል ስትነካ አሁን የሚኖርበት ሰፈር፣ አብረውት ያሉ ሰዎች፣ በክፉ ቀን የሚደወልለት ዘመድ ይወጣል። "ድንኳን" ስትል እያንዳንዱ ድንኳን አሁን የት እንዳለ፣ ማን ቁልፉን እንደያዘ ይታያል። አንዱ ድንኳን ለአንድ ቤት ከተያዘ፣ ሌላ ሰው ለሌላ ቤት ልስጠው ቢል ኮምፒውተሩ አሻፈረኝ ይላል። ይህን ሳይ ያ የክረምቱ ቀን፣ በላስቲክ ስር የቆሙት ጎረቤቶቻችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነው ያየሁት።

"ትልቁ ጥቅሙ ግን መመዝገቡ አይደለም" አሉ አቶ ሽኩር። "ለመወሰን ነው የሚረዳን። ወንበር ጎደለ እያልን በየጊዜው እንገዛ ነበር። ይህ ሲመጣ ወንበሩ እንዳልጎደለ አየን፤ ገላን ሄዶ መመለሻ መኪና እያጣ እዚያው ይቀር ነበር። ስለዚህ መግዛቱን ትተን ገላን ላይ ሁለተኛ መጋዘን ከፈትን።"

ሰብለ እኔንና ጋሽ ወርቁን በእንግድነት መዘገበችንና ለሙከራ መልእክት ላከች። የእኔ ስልክ ጮኸ፤ ወዲያው ጋሽ ወርቁ ኪስ ውስጥም ጮኸ። እኔ እንደ ልጅ ሳቅኩ። እሳቸው ስልኩን አወጡ፤ ስማቸውን አነበቡ፤ መልሰው ከተቱት።

"ጡሩንባ ነፊያችሁ የት አለ?" አሉ።

"ጋሽ በቀለ? ልጃቸው ጋ ናቸው፤ ሽሮ ሜዳ" አለች ሰብለና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

ማታ ከሰብለ ጋር አራብሳ ሄድኩ። እኔ ከትምህርት ቤት ቤቴ ለመድረስ አንድ ባጃጅ ይበቃኛል፤ ሰብለ ግን በየቀኑ አውቶቡስ ቀይራ፣ ግማሹን መንገድ ቆማ ነው የምትሄደው። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። እናቷ ሽሮ ሠርተው ጠበቁን፤ ለመኝታ ደግሞ የራሳቸውን አልጋ ለቀው ፍራሽ ላይ ተኙ። እምቢ ብል አልሰሙኝም። "ፒያሳ እያለን እንግዳ አይጠፋም ነበር። እዚህ ከመጣን የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ሐሙስ

ማልደን ወደ ፒያሳ ተሳፈርን። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ሁለታችንም አንድ ብረት ይዘን ቆመናል። መንገዱን ስናጋምስ የሰብለ ስልክ ጮኸ። አዳመጠችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"አስካለ ገብሬ አረፈች፣ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው አለኝ አንድ ዘመዷ። እያለቀሰ ዘጋው" አለችኝ። "አራብሳ ጎረቤታችን ናት እኮ። ትናንት ጠዋት ሰላም ብያታለሁ።" እንባዋ ወረደ። በአንድ እጇ ብረቱን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ስሙን ፈለገች፤ ነካች፤ ላከች። ወዲያው የእኔም ስልክ መልእክቱን ተቀበለ፦ ወይዘሮ አስካለ ገብሬ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል፤ ለቀስተኛ አራብሳ በመኖሪያ ቤታቸው ይሰበሰባል፤ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት።

እኔ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ተገረምኩ። ሰው በተሞላ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ ጣት፣ ለከተማው አራት ማዕዘን አረዳች።

የዕድሩ ቤት ስንደርስ መኪናው ድንኳንና ወንበር ጭኖ ሄዷል። አቶ ሽኩር መልእክቱ እንደደረሳቸው ነው ያስጫኑት። ጋሽ ወርቁም ለለቅሶ ሥራማ አልቀርም ብለው ከሾፌሩ ጎን ገብተዋል። እኛ ከአራብሳ ስንመጣ እሳቸው ወደ አራብሳ ሄዱ ማለት ነው።

ሰብለ የለቅሶ ሥራ ተረኞቹን ስም እያየች ስትደውል ቆየች፤ አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ጋሽ ወርቁ ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንግዳ ሆነብኝ።

"ፀሐይ፣ በሩን የከፈተችልኝ ሟቿ ናት" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ድንኳኑን የት እንትከል ብዬ አንኳኳሁ። አንዲት ሴትዮ ወጣች። የማን ድንኳን ነው አለችኝ። የወይዘሮ አስካለ ስላት፣ እኔ ነኝ አለችኝ። ልጇ በመልእክቱ ደንግጣ ከሥራዋ እየጮኸች መጥታለች። ለቀስተኛውም መግባት ጀምሯል። ምን ልበላቸው?"

ስልኩን ለሰብለ ሰጠኋት። አንድ አፍታ ሰማች፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ኮምፒውተሩ ላይ "አስካለ ገብሬ" ብላ ስትጽፍ ሁለት ሰው ወጣ። አንዷ አራብሳ፤ ሌላዋ ገላን። በስልኩ ጠባብ መስታወት ላይ ያየችው የላይኛዋን ብቻ ነበር፤ የምታውቃትም እሷን ነው። ያረፉት የገላኗ ናቸው። ለእሳቸው ያለቀሰ፣ ድንኳንም የወሰደላቸው የለም።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ጅማ ተመልሼ ምን እንደምል አሰብኩ። ጋሽ ወርቁ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ? ነገሩ አበቃለት አልኩ በልቤ።

አቶ ሽኩር አልጮኹም። እጃቸውን የሰብለ ትከሻ ላይ አድርገው "ማልቀሱን ማታ ታለቅሻለሽ። አሁን ገላን ያለውን አሳዪኝ" አሏት።

ሰብለ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። መጀመሪያ የጻፈችው ማስተካከያውን ነው፤ "ስህተቱ የእኔ የጸሐፊዋ ነው፤ የአራብሳዋ ወይዘሮ አስካለ በሕይወት አሉ፤ ያረፉት የገላኗ ናቸው" ብላ ለሁሉም ላከች። ከዚያ መጋዘኑን አየች። የገላኑ ድንኳን በቦታው አለ፤ ቁልፍ ያዡ አጠገቡ ይኖራል። የገላን ተረኞች ስማቸው ከነስልካቸው ተደርድሯል። ወንበሩ ግን ካለፈው ለቅሶ ገና አልተመለሰም፤ መጋዘኑ ውስጥ አንድም የለም።

"ወንበሩ አራብሳ ነው፤ መኪናው ላይ" አለች ሰብለ።

"እንግዲያው ከዚያው ወደ ገላን ይሂድ" አሉ አቶ ሽኩር። እሳቸው ለተረኞቹ፣ እሷ ለቁልፍ ያዡ፣ እኔ ለጋሽ ወርቁ ደወልን። አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ፣ ማን ምን እንደያዘ ሁላችንም አንድ መስታወት ላይ እያየን ነበር። ያ የእኛ የክረምቱ ስህተት እኮ የታወቀው ለቀስተኛው ከራሰ በኋላ ነው። ይህኛው ቀብሩ ገና ሰዓታት ሲቀሩት ታወቀ፤ ምን እንዳለንና ምን እንደሌለንም አብሮ ታወቀ።

በአቶ ሽኩር መኪና ገላን ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። የሟቿ ልጆች ሰብለን ሲያዩ ምን ይሏት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ትልቁ ልጅ ግን "ጠዋት የደወልኩልሽ እኔ ነኝ፤ የቷ አስካለ እንደሆነች እኔም አልነገርኩሽም" አላትና ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ቀጥሎ የሆነውን ብተርከው ማንም አላመነኝም። መኪናው ወንበሩን ጭኖ ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ተከትሎታል። ከፊተኛው ሚኒባስ ጥቁር ነጠላ የለበሱ፣ ወፈር ያሉ ሴት ወረዱ። የአራብሳዋ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ለእሳቸው ሊያለቅስ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው ሁሉ "እኔን አያችሁኝ፤ አለሁ። ሞክሼዬ ግን ብቻዋን ልትቀበር ነው፤ ኑ እንሂድ" ብለው ይዘውት መጥተዋል። ሁለቱ አስካለዎች ፒያሳ እያሉ ከአንድ ቦኖ ውሃ ይቀዱ ነበር አሉ፤ ባለ ቦኖው "የማናችሁ ተራ ነው?" እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ድንኳኑ ሞላ። ሰው ወደ ውጭ ተረፈ። የሟቿ ልጅ ከፒያሳ ከተነሳን ወዲህ የድሮ ጎረቤት እንዲህ ተሰብስቦ አላየሁም ሲል ሰማሁት።

ከቀብር ስንመለስ ወይዘሮ አስካለ ሰብለን ጠሯት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ልጄን አስደንግጠሽብኛል፤ ይህን አልረሳልሽም" አሏት። ቀጥለው ደግሞ "ግን ስሞት ማን እንደሚመጣልኝ አየሁ። ይህን ያየ ሰው የለም። ከሞክሼዬ እንድለይ የእናቴን ስም ጨምሪበትና ሥራሽን ቀጥይ" አሏት።

ሰብለ እዚያው ቆማ በስልኳ ጻፈችው። አሁን ሁለት ሰው በአንድ ስም ከተገኘ ሥርዓቱ "የቷ ናት?" ብሎ ሳይጠይቅ አይልክም።

ዓርብ

ጠዋት ሰብለ ወደ ስድስት ኪሎ ወሰደችን፤ የአባላት መመዝገቢያውን ባዶ ቅጽና የጻፈችውን መመሪያ ልታባዛልን። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጽሑፋቸውን ይዘው በተኮለኮሉ ተማሪዎች ተጨናንቋል። ጋሽ ወርቁ ወረፋውን አይተው "እኔ አንድ ቦታ ደርሼ ልምጣ" አሉና ከአቶ ሽኩር ጋር ሄዱ። ወረቀቱን ይዘን አንድ ካፌ ደጅ ስንጠብቃቸው ተመለሱ። አቶ ሽኩር አንገታቸውን ደፍተዋል።

"ሽሮ ሜዳ ነበርን፤ በቀለ ጋ" አሉ ጋሽ ወርቁ። "እንደ እኔው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጡሩንባ ነፍቷል። ትናንት እሱም መልእክቱ ደርሶት ነበር። ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ስሜ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን የለሁበትም አለኝ።"

ሰብለ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አላሰብንበትም" አለች። "ሰውም ስልክም ስንቆጥር እሳቸውን አላሰብናቸውም።"

"ልወቅስሽ አልመጣሁም" አሏት ጋሽ ወርቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ፀሐይ፣ ትናንት ያንን ሰው ሁሉ በሚኒባስ ሲከተለኝ አይቼዋለሁ። የእኔ ጡሩንባ ከአራብሳ ገላን አይደርስም። ሄርማታም ነገ የት እንደሚሆን አላውቅም። ነገሩ ጥሩ ነው። ስምምነቴን ትፈልጊ የለ? ታዲያ ጡሩንባው ሲቀር እኔ ምን እንደምበላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኛል?"

አልጠየቅኩም ነበር። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን አልጠየቅኳቸውም። ስለ ሥርዓቱ ከሰብለ ስማር፣ ከሁሉ የሚከብዳት ምን እንደሆነም ነግራኝ ነበር፤ ሰው ቤት ይቀይራል፣ ስልክ ይጥላል፣ ይወልዳል፣ ያገባል፤ ማንም መጥቶ አያስታውቅም። ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩ የትናንቱን ነው የሚናገረው።

"ታዲያ የሚዞረው ሰው እርስዎ ይሁኑ" አልኳቸው። "ከነደመወዝዎ። ይህ ካልተፈቀደ እኔም አልስማማም፤ ሁለታችንም አልተስማማንም ብለን እንነግራቸዋለን።"

"ጡሩንባውስ?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ስልክ ለሌለው ይነፉለት።"

"እንግዲያው ተስማምተናል" አሉና ቀርቦላቸው ሳይነኩት የቆዩትን ዳቦ አነሱ። አቶ ሽኩር ደግሞ እዚያው ተቀምጠን ለጋሽ በቀለ ደወሉላቸው። ሰኞ ዕድሩ ቤት እንዲመጡላቸው፣ ሥራ እንዳለ ነገሯቸው። ምን እንደመለሱላቸው አልሰማሁም፤ አቶ ሽኩር ግን ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ቅዳሜ

ሰብለና አቶ ሽኩር አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙን። የሰብለ እናት የላኩልኝን ድርቆሽ ተሸክሜያለሁ። መንገዱ ላይ ምንም አልገጠመንም፤ ጎማውም ደህና ነበር፤ ግቤም ቀዝቀዝ ብሎ ጠበቀን። ጋሽ ወርቁ እስከ ወሊሶ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ ነቅተው በሄርማታ የትኛውን መንደር መጀመሪያ እንደምንመዘግብ፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛውስ በጠዋት እንደማይከፈት ያቅዱ ጀመር። ሰኮሩ ስንደርስ የግማሽ ሰፈሩን ተራ አውጥተው ጨርሰዋል። ጅማ ስንገባ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ የእኛ ዝናብ እንደሆነ በጠረኑ አወቅኩት።

እሑድ ጉባኤው ተሰበሰበ። እኔ ልናገር ስነሳ ጋሽ ወርቁ ቀደሙኝ። የአስካለን ታሪክ ከነስህተቱ ነገሯቸው፤ ምንም አልደበቁም። ሰው ሳቀ። ስለ ደመወዛቸው ስናነሳ አንዳንዱ አጉረመረመ። ባለፈው ክረምት በላስቲክ ስር የዋለው ቤተሰብ ታላቅ ልጅ፣ አባል ባይሆንም ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። እጁን አወጣና "ይህ ከተደረገ እኛም እንመለሳለን" አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ጠበቁኝ፤ መመዝገብ ጀመርን። የመጀመሪያው ቤት ከአዌቱ ወንዝ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት አሮጊት ነው። ስማቸውን ጻፍኩ፤ የአባታቸውን፣ ቀጥሎም የእናታቸውን ስም ጠየቅኳቸው። ለእናታቸው ስም ትንሽ አሰቡ፤ ከጠራኋት ቆየሁ አሉኝ።

"አንድ ነገር ቢሆኑ ለማን ልደውል?" አልኳቸው።

"ልጆቹ ወጥተው ቀሩ። እህቴም ሞተች።" እጃቸውን በእጃቸው እያሹ ቆዩ። "ማንን ልበልሽ?"

ጋሽ ወርቁ ወደ ውጭ ወጥተው የደጁን አጥር ያዩ ጀመር። አሮጊቷ እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

"ያንቺስ ስልክ ስንት ነው?" አሉኝ።

ቁጥሬን ነገርኳቸው።

"እሱን ጻፊው" አሉ።

ጻፍኩት።